ለብረት እጅ አልነሣም

ሁለት ጊዜ ጡረታ የወጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ወጥቻለሁ! መጀመሪያ ከጠመኔና ከፊሽካ፣ ማለትም ከስፖርት መምህርነት፤ ባለፈው ወር ደግሞ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ካለ አንድ ጂም፣ ከአሠልጣኝነት። በመጀመሪያው ሽኝት ጋቢና የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። በሁለተኛው የጂሙ ልጆች ኬክ አስቆርሰውኝ፣ ፎቶ አንሥተውኝ ሲያበቁ፣ «ቲቸር ማንጠግቦሽ፣ ያቺን የመጀመሪያዋን ብረትዎን ያምጡልንና ስምዎን ጽፈንባት መደርደሪያው ላይ ትቀመጥ» አሉኝ።

«የለችም» አልኳቸው።

«የት ሄደች?»

«ደብረ ወርቅ ነው ያለችው። የአንድ መሪጌታን በር ደግፋ ይዛለች።»

በሳቅ ፈረሱ። ቀልድ መስሏቸው ነው። ምን ቀልድ አለው! የዚያች ብረት ታሪክ የእኔ የሥራ ዘመን ታሪክ ነው፤ ብዙ ያስደሰተኝም አንድ ጊዜ አንገቴን ያስደፋኝም እሷው ናት።

ብረቲቱ እንግዲህ ድቡልቡል ናት፤ ከላይ እጀታ አላት፤ ክብደቷ አሥራ ስድስት ኪሎ። የዛሬ ልጆች ኬትልቤል ይሏታል። የእኛ ከተማ ሰው ማፍሰሻ አፍ የሌላት ማንቆርቆሪያ ስለምትመስል «ማንቆርቆሪያዋ» ይላታል። እኔን ያስተማሩኝ ሰው ደግሞ ሩሲያ በተማሩበት ስሟ «ጊሪያ» ነበር የሚሏት።

ሥራ የጀመርኩት ቁይ ከተማ ነው። ሴት የስፖርት አስተማሪ መጣች ሲባል ገበያተኛው ሳይቀር በአጥር እያጮለቀ ያየኝ ነበር። ቱታዬ ላይ ቀሚስ ደርቤ ነው የማስተምረው። ርእሰ መምህሩ ደግ ሰው ነበሩ፤ ስፖርት ግን ለእሳቸው ልጅ ማድከሚያ ነው። «መምህርት፣ አስሩጪልኝና ለሒሳብ ክፍለ ጊዜ ጸጥ ብለው ይግቡልኝ» ይሉኛል። ትምህርት ቤቱ ያለው ኳስ አንድ፣ እሱም ሲነፋ የሚተነፍስ። እኔም ሮጬ ማስሮጥ ብቻ ነበር የማውቀው። ሰውነት ማለት ሳንባና እግር ይመስለኝ ነበር።

ወደ አማኑኤል ከተማ ስዛወር ነው ሻምበል ደምሰውን ያገኘኋቸው። የትምህርት ቤቱ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። በወታደርነታቸው ዘመን ሩሲያ ተልከው የሠራዊት ስፖርት አሠልጣኝነት ተምረዋል። ከዚያ ሁሉ ዘመን የተረፈቻቸው ያቺው ጊሪያ ብቻ ናት፤ የግምጃ ቤቱን በር ነፋስ እንዳይዘጋው ደግፈውባታል። እኔ ኳስ ልወስድ ገብቼ በእግሬ ገፋ ላደርጋት ስል አውራ ጣቴን ልሰብረው!

«እሷ በእግር አትገፋም» አሉኝ፣ ፈገግም ሳይሉ። «ልታነሺያት ትፈልጊያለሽ?»

«አዎ!»

«እንግዲያው መሬት ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ።

«አሁን እጅሽን መሬት ሳታስነኪ ተነሺ።»

አቃተኝ። እኔ፣ ቀኑን ሙሉ ስሮጥ የምውለው፣ ያኔ ገና ለግላጋ ወጣት፣ እንደ አሮጊት ግድግዳ ፍለጋ እጄን ሰደድኩ። ሻምበል «በይ ሂጂ፤ ስትችዪ ትመጫለሽ» ብለው ወደ መዝገባቸው ዞሩ። እንዴት እንደተናደድኩ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤቴ በር ዘግቼ ስቀመጥ ስነሣ፣ ስቀመጥ ስነሣ ሰነበትኩ። የቻልኩ ቀን ወደ ግምጃ ቤቱ በሩጫ ነው የሄድኩት፤ ደወል ተደውሎ ተማሪ እየጠበቀኝ።

የሻምበል ልማድ ብዙ ነው። ጫማቸውን የሚያስሩት ቆመው፣ በአንድ እግራቸው ነው። ጠዋት ግምጃ ቤቱን ከመክፈታቸው በፊት ጆንያ አንጥፈው በጀርባቸው ይተኛሉ፤ ቀኝ እጃቸውን ጨብጠው ወደ ሰማይ ቀጥ ያደርጋሉ፤ ጭብጡ ላይ ውሃ የሞላች ኩባያ ያስቀምጣሉ። ከዚያ በክርን፣ ከክርን በመዳፍ፣ ከመዳፍ በጉልበት እያሉ ቀስ ብለው ይቆማሉ። ጠብታ አይፈስም! ኩባያው ላይ የሚጨንቀው ሰው ትከሻውንም ዳሌውንም አይረሳም ይሉ ነበር። በኩባያ ያልቻለ በብረት አይሞክራትም።

ሕጋቸው አንዲት ናት፦ አሥር ለብረት፣ አሥር ለጅማት። ብረቷን አሥር ጊዜ ካወዛወዝሽ፣ ቁጭ ብለሽ ብሽሽትሽን፣ ቋንጃሽን፣ ቁርጭምጭሚትሽን ለአሥር ትንፋሽ እየሳብሽ ታፍታቺያለሽ። ከዚያ ደግሞ ወደ ብረት። እኔ ማፍታታቱን ላሳጥር ስል፣ «መምህርት፣ ጉልበት ያለ መተጣጠፍ ዝገት ነው፤ መተጣጠፍ ያለ ጉልበት ደግሞ ጨርቅ ነው። አንዱ ይሰበራል፣ አንዱ ይቀደዳል» ይሉኛል። የብረቷ ውዝወዛም በክንድ አይደለም። ዳሌ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ጀርባ እንደ ጣውላ ቀጥ ብሎ፣ ዳሌው ወደ ፊት ሲመለስ ነው ብረቷ ራሷ የምትነሣው። ክንድ ገመድ ነው፤ ገመድ ደግሞ ይጎተታል እንጂ አይጎትትም።

ሻምበል ሲያርፉ ልጃቸው ብረቷን በጆንያ ጠቅልላ ቤቴ ድረስ አመጣችልኝ። «አባባ ለመምህርት ስጧት ብሏል፤ ሌላ ያለው ነገር የለም» አለችኝ። እዬዬ ብዬ አለቀስኩ። ደብረ ማርቆስ ስዛወርም ይዣት መጣሁ፤ እስከ መጀመሪያው ጡረታዬ ድረስ በየትምህርት ቤቱ እሷው ናት የሥራ ባልደረባዬ።

ጂሙ የቀጠረኝ ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን አዳዲስ ኬትልቤሎች በካርቶን መጡ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ! ሰርግ የተጠራሁ ነው የመሰለኝ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል የቢሮ ሰው ሁሉ አንገቱንና ወገቡን ይዞ ወደ እኔ ይጎርፍ ጀመር። በሁለት በሦስት ወር አንገቱ የማይዞረው ዞረ፣ ደረጃ የሚፈራው ወጣ። ጠዋት እስኪነጋልኝ ይቸኩለኝ ነበር። እንግዲህ ሰው ሲጨበጨብለት ነው የሚስተው፤ እኔም የሳትኩት ያኔ ነው።

ታላቅ ወንድሜ መሪጌታ ይባቤ ደብረ ወርቅ የቅኔ መምህር ነው። ብቻችንን ስንሆን «አንተ» እለዋለሁ፤ ሰው ፊት ግን «አንቱ» ነው፣ ያውም ራስ ዝቅ ተደርጎ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለመነጽር ደብረ ማርቆስ መጣና እኔ ዘንድ አረፈ። ግቢዬ ውስጥ የሻምበልን ብረት አየ።

«ማንጤ፣ ይቺ ማንቆርቆሪያ ሻይዋ የት ነው?» አለኝ።

«ሻይ አይደለም ወንድም ጋሼ፣ ጉልበት ነው የምታፈላ!» አልኩት፤ አፌ ምን ሥራ አለው! «ና ላሳይህ። አንድ ጊዜ ብታወዛውዛት የሰባት ሰዓት ማኅሌት አይሰማህም!»

መሬት አላስቀመጥኩትም። ኩባያ የለ፣ ማፍታታት የለ። የሻምበልን ሕግ ሁሉ በአንዲት ደቂቃ ጉራ ሸጥኩት። «ጎንበስ በልና ያዛት» አልኩት። ጎንበስ አለ፤ መጽሐፍ ላይ እንደሚያጎነብሰው፣ ጀርባውን አጉብጦ። ማስቆም ነበረብኝ። እኔ ግን «በርታ! ወርውራት!» እያልኩ አጨበጭባለሁ። በክንዱ ሳባት። ወገቡ ቀጭ ሲል እስከ እኔ ጆሮ ድረስ ተሰማ። ብረቷ ወደቀች፤ እሱም በጉልበቱ ተደፋ።

ሐኪሙ አጥንት አልተነካም፣ የወገብ ጡንቻው ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል አለ። ተመስገን አልኩ። ግን ስቅለት መጣ። ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ የስቅለት ስግደት አስታጉሎ አያውቅም። በዚያ ዓመት ሕዝቡ ሲወድቅ ሲነሣ፣ እሱ ግድግዳ ተደግፎ ራሱን ብቻ ዝቅ ከፍ ሲያደርግ ዋለ። ማታ ላይ ምእመኑ ተሰልፎ ጥብጣብ ይቀበላል፤ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባውን ቸብ ቸብ እያደረጉ ለእያንዳንዱ የሚጨምረውን ስግደት ይነግሩታል፤ ለአንዱ ሠላሳ፣ ለአንዱ መቶ። የወንድሜ ተራ ሲደርስ የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ገብረ ሥላሴ በወይራው ትከሻውን ነካ አደረጉትና፣ «መሪጌታ፣ አንተስ ይቅርብህ። እግዚአብሔር ልብህን ያያል» አሉት።

ለደግ ነው ያሉት። ወንድሜን ደግፌ እስከ ቤቱ ሸኘሁት። ደጃፉ ላይ ነው ቆም ብሎ፣ «ማንጤ፣ መውደቁስ ለማን ይከብዳል? ስግደት ማለት መነሣቱ ነው። ዛሬ ይቅርብህ ተባልኩ፤ በቃ፣ ዛሬ አረጀሁ» ያለኝ።

እግሩ ላይ ወደቅሁ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ወንድም ጋሼ። እስከ ከርሞ ስቅለት ስጠኝ» አልኩት።

«ያቺን ማንቆርቆሪያሽን ከፊቴ ካራቅሻት ዓመቱ ያንቺ ነው» አለኝ።

ሐኪሙን ጠየቅሁ፤ ቀስ እያለ መንቀሳቀስ እንዲጀምር ፈቀደ። ከዚያ በየቅዳሜው በሚኒባስ ደብረ ወርቅ መመላለስ ሆነ ሥራዬ። መንገድ በተዘጋ ጊዜ፣ ኔትወርክ ካለ፣ በስልክ «ተረከዝህ መሬት ነክቷል? እውነቱን ተናገር!» እያልኩ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ብረት የሚባል ስም አልጠራሁም። ዕድሜውን ሙሉ በመቋሚያ ተደግፎ የቆመ ሰው ቁርጭምጭሚቱ አይታጠፍም፣ ብሽሽቱ አይከፈትም፤ ሥራው ሁሉ ወገቡ ላይ ነው የወደቀው። ቁርበት ላይ አስቀምጬ ሁለቱን ውስጥ እግሩን አገናኝቼ፣ ጉልበቱን ወደ መሬት እያስተነፈስኩ አወርደዋለሁ። «ይኼ ከቅኔ ቤት ይብሳል!» ይላል። ይላል እንጂ አያቋርጥም፤ ክረምቱ ሲወጣ መሬት ተቀምጦ ያለ እጅ ተነሣ። እልል ስል ጎረቤት ልጅ የተወለደ መስሎት መጣ።

ያን ጊዜ ብረቷን ይዤ ሄድኩ። የሚኒባሱ ረዳት፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ዘንቢሌን በአንድ እጁ ላንሣ ብሎ ተንገዳገደ። «እትዬ፣ ምንድን ነው የጫኑት?» ቢለኝ «ማንቆርቆሪያ ነው» አልኩት። መንገዱን ሙሉ በጎሪጥ ሲያየኝ ሄደ።

አሁን ቁልፉ ዳሌውን ማሳጠፍ ነው። እዚህ ላይ ነው ያለቀልኝ! «ጎንበስ በል» እለዋለሁ፣ ጀርባው ይጎብጣል። «ጀርባህን ቀጥ አድርገህ ጎንበስ» እለዋለሁ፣ ጉልበቱን አጥፎ ቁጭ ይላል። ዱላ ጀርባው ላይ አስሬ ሞከርኩ። አራት ቅዳሜ ሄደ። እሱ «ይቅርብን ማንጤ» ማለት ጀመረ፤ የስቅለቷን «ይቅርብህ» ነው ያስታወሰኝ። ይኼ ሰው መጽሐፍ ላይ ሲጎነብስ ነው የኖረው፤ «ጎንበስ» ካሉት ሌላ ነገር አያውቅም።

በአምስተኛው ቅዳሜ ከግቢው ቆመን ስንነታረክ አባ ገብረ ሥላሴ በአጥሩ በር ገቡ። ወንድሜ መነጽሩን አውልቆ፣ ነጠላውን አስተካክሎ፣ እንደ አገሩ ወግ እጅ ነሣቸው። ዓይኔን ማመን አቃተኝ! ዳሌው ወደ ኋላ፣ ጉልበቱ ፈታ፣ ጀርባው ጣውላ! ሻምበል ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚፈልጉት ነገር፣ ያለ ዱላ፣ ያለ አሠልጣኝ!

«ይኸው! ይኸው! እንዳትነሣ!» ብዬ ጮህኩ። «እንዲያው ቆይ! ቀና እንዳትል!»

አባ በድንጋጤ መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ። ወንድሜ እንደታጠፈ ቀርቷል። እኔ ዞሬ ዳሌውን እነካለሁ፣ ጀርባውን በመዳፌ እለካለሁ፣ ካህን ፊት፣ ያውም «አንተ» እያልኩ!

«ምን ሆናለች እኅትህ?» አሉ አባ።

«አባቴ፣ እኔም አላውቅ» አለ ወንድሜ ከታች፣ ፊቱን ሳያነሣ።

አባን ይቅርታ ጠይቄ፣ ነገሩን አስረድቼ፣ ወደ ወንድሜ ዞርኩ። «ከዛሬ ጀምሮ 'ጎንበስ' የሚል ቃል ቀርቷል። እጅ ንሣ ነው የምልህ። ለብረቷ እጅ ንሣ!»

ፊቱ ተለወጠ። «ለብረት? ለብረትስ እጅ አልነሣም! ጣዖት ልታደርጊያት ነው?»

ይኼን አላሰብኩትም ነበር። አባም ጢማቸውን ያዙ። ቀኑ ያለቀ መሰለኝ። ከዚያ የወንድሜ ከንፈር ቀስ እያለ ፈገግ ሲል አየሁ፤ ቅኔ ሲመጣለት እንዲያ ነው የሚያደርገው።

«አንቺ ልጅ፣ ሳታውቂ ተቀኝተሻል» አለኝ። «እጅ ንሣ። ሰሙ ስገድ ነው። ወርቁን ልንገርሽ? እንቅልፍ ነሣኝ እንል የለም? ሰላም ነሣኝ? ይኸውልሽ፣ እጅህን ሥራ ንሣው! እጅ አይሥራ፣ ዳሌ ይሥራ። ያንቺ ሻምበል ክንድ ገመድ ነው ያሉት ይኼንኑ አይደል?»

እኔ ልጅነቴን ሙሉ እሱ ሲቀኝ እያዛጋሁ ነው ያደግሁት። በዚያን ቀን ግን ቤተ ቅኔ ገባሁ! አባ ገብረ ሥላሴ «ይበል!» ብለው ሳቁና መላውን ራሳቸው አበጁት፦ ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ያዙር፤ እጅ የሚነሣው ለደብሩ ነው፣ ብረቷ በመካከል ለሥራ ትገኝ። ፊቱን አዞረ። እጅ ነሣ። እጁን ሥራ ነሣው። ብረቷ ከጭኖቹ መካከል ተነሥታ በደረቱ ትክክል ስትቆም ወንድሜ «ኦሆ!» አለ፤ አሥር ቆጠርኩለት፣ ወዲያው አሥር ትንፋሽ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ወዲያማ ምን ልበላችሁ! ብረቷን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ታቅፎ፣ ተረከዙ መሬት ሳይለቅ፣ በክርኑ ጉልበቱን እየከፈተ ቁልቁል መቀመጥ ጀመረ፤ ክብደቷ ራሷ ሚዛን ሆና ብሽሽቱን ከፈተችለት። ኩባያዋንም አመጣኋት። የመጀመሪያ ቀን ውሃው ፊቱ ላይ ተደፋ። «ጠበል ነው፣ ጠበል ነው!» እያለ ሳቀ። ጥምቀት ሲያልፍ ግን ተኝቶ፣ በክርን፣ በመዳፍ፣ በጉልበት ብሎ ሲቆም ጠብታ አልወረደም። «ሻምበል ይኼን ባዩ!» አልኩ። ብረቷንም «ይዘሻት አትመላለሺ፤ በሬን ትደግፍልኝ፣ ወጥቼ ስገባ አንድ አሥር እልባታለሁ» ብሎ አስቀራት።

ስቅለት ደረሰ። ከሴቶች ወገን ሆኜ እሰግዳለሁ፤ ዓይኔ ግን ከወንዶቹ ወገን ነው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ነጭ ጥምጣሙ ይወርዳል። ይነሣል። ይወርዳል። ይነሣል! «ዳሌ፣ ዳሌ» እያልኩ ስንሾካሾክ አጠገቤ ያሉት እናት አዲስ ጸሎት መስሏቸው ጆሯቸውን ሰጡኝ። ቀትር ካለፈ በኋላ አንድ ጊዜ ወርዶ ቆየ። ብዙ ቆየ። እኔ እስትንፋሴን ይዣለሁ። ከዚያ በመዳፍ፣ በጉልበት ብሎ፣ ጀርባው እንደ ጣውላ ሆኖ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጠብታ አልፈሰሰም አልኩ በልቤ።

ማታ ለጥብጣብ ተሰለፈ። አባ ገብረ ሥላሴ ወይራውን እንዳነሡ ማንነቱን ሲያዩ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። አፋቸው ያችኑ «ይቅርብህ» ሊል ሲከፈት አይቻለሁ። ወንድሜ አላስጨረሳቸውም። እጅ ነሣቸው። አባ ያን ጀርባ ትንሽ ተመለከቱት። ከዚያ በወይራው ቸብ፣ ቸብ አደረጉትና፣ «ሃምሳ» አሉ።

ወንድሜ በሰዉ መካከል እየተጋፋ ወደ እኔ መጣ፤ መቶ ከመቶ ያመጣ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ነው የሚመስለው።

«ማንጤ! ሃምሳ! ሃምሳ ጨመሩልኝ!»

«ደክሞሃል ወንድም ጋሼ፣ ከጠዋት ጀምሮ ውሃም አልቀመስክ፤ ትንሽ እረፍ» አልኩት፤ እንባዬን በነጠላዬ እየጠረግሁ።

«የስቅለት ስግደት ለነገ አያድርም» አለና ፊቱን ወደ መቅደሱ አዞረ። «ሥራሽ አይደል? ቁጠሪልኝ እንጂ።»

እውነቱን ነው፤ ከቁይ ጀምሮ ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ስቆጥር ነው የኖርኩት። ወረደ፤ ተነሣ።

«አንድ» አልኩ።